በኮንክሪት የተቀዳ ደጋ፦ ከብሮንክስ እስከ ጓሳ

የኢትዮጵያን ደጋ ለማየት እስከ መንዝ መድከም የማያስፈልግባቸው ሦስት ከተሞች አሉ፤ ቢያንስ ንድፍ አውጪዎቻቸው እንደዚያ ተስፋ አድርገዋል። በኒው ዮርክ የብሮንክስ መካነ እንስሳት በ1990 አንድ ሰፊ ግቢ ከፈተ። በስዊዘርላንድ የዙሪክ መካነ እንስሳት ለሌላው ግቢ የሰሜን ተራሮችን ስም ሰጠው። በካሊፎርኒያ የሳን ዲዬጎ መካነ እንስሳት ደግሞ በ2017 «የኢትዮጵያ ደጋ» የተባለ ክፍል አስመረቀ። ሦስቱም የሚፎካከሩት አንድ ነገር በመቅዳት ነው፤ ጭላዳ የሚግጥበትን ገደልና ሜዳ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እነዚህን ግቢዎች ለመመዘን መጀመሪያ ወደ ፊልም ኩባንያዎቹ የመዝናኛ ፓርኮች ጎራ ማለት ያስፈልጋል፤ ሰው ሠራሽ አገር የመሥራት ልኩ የተቆረጠው እዚያ ነውና። ቀድሞ የፓርኮቹ ልማድ በአንድ መጫወቻ ላይ የፊልም ስም መለጠፍ ነበር። ዩኒቨርሳል በ2010 በኦርላንዶ የሃሪ ፖተርን መንደር ሲከፍት ግን ነገሩ ተለወጠ። ጎብኚው የሚገባው ወደ መጫወቻ ሳይሆን ወደ መንደር ነው። ሱቁ የአስማት በትር ይሸጣል፣ መጠጥ ቤቱ በመጽሐፉ የተጠቀሰውን በተርቢር ይቀዳል፣ ጣሪያው በረዶ የለበሰ ይመስላል፤ ውጭ ያለው የፍሎሪዳ ሙቀት ብቻ ነው የሚያሳብቀው። በዘርፉ ግምት መሠረት መንደሩን የያዘው ፓርክ በ2009 የነበረው 4.6 ሚሊዮን ያህል ጎብኚ በ2011 ወደ 7.7 ሚሊዮን ገደማ አሻቅቧል። ተፎካካሪው ዲዝኒ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ2012 የ«ካርስ»ን ከተማ በካሊፎርኒያ ሠራ፣ በ2017 የ«አቫታር»ን ተንሳፋፊ ተራሮች በፍሎሪዳው የእንስሳት ፓርኩ ውስጥ አቆመ፣ በ2019 ደግሞ የ«ስታር ዋርስ»ን ምድር በካሊፎርኒያም በፍሎሪዳም ከፈተ።

ከነዚህ መካከል ለእኛ ጉዳይ ትልቁን ትምህርት የሚሰጡት የሃሪ ፖተርና የስታር ዋርስ ምድሮች ልዩነት ይመስለኛል። የሃሪ ፖተርን መንደር ልጁ ሳይደርስበት ያውቀዋል፤ በየትኛው በር ገብቶ ምን እንደሚያገኝ በመጽሐፍ አንብቧል፣ በፊልም አይቷል። ዲዝኒ ግን ለስታር ዋርስ የመረጠው ባቱ የተባለ፣ በየትኛውም የሲኒማ ፊልም ያልታየ አዲስ ፕላኔት ነው። ለእያንዳንዱ ምድር ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር እንደወጣ ተዘግቧል፤ ሥራው ድንቅ ነው፣ ዐለቱ እውነተኛ ይመስላል። ሆኖም በመጀመሪያው ክረምት ሰው እንደተጠበቀው አልጎረፈም። አንደኛው ምክንያት ምድሩ ሲከፈት ዋናው መጫወቻ ገና አለመድረሱ ነው። ሌላው ግን የሚናፍቁት ቦታ አለመሆኑ ነው፤ ሰው ያላየውን አይናፍቅም። ከዚያ ጋር ተያይዞ በ2022 የተከፈተው የጠፈር መርከብ ሆቴል በ2023 ተዘጋ።

የኢትዮጵያ ደጋ ለውጭው ጎብኚ የትኛው ነው? ከባቱ ጋር የሚቀራረብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ2006 የቢቢሲው «ፕላኔት ኧርዝ» ስለ ተራሮች ባቀረበው ክፍል የሰሜን ተራሮችን ጭላዶች ለዓለም አሳይቷል፤ ከዚያ ወዲህም የዱር አራዊት ፊልም ሠሪ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለውን፣ ጎፈሩ የአንበሳ የመሰለውን፣ ቁጭ ብሎ በጣቱ ሣር እየነጨ የሚበላውን ይህን ዝንጀሮ ሲያሳድድ ኖሯል። ተዋናዩ ዝነኛ ነው። ታሪኩን፣ ማለትም ደጋውንና የደጋውን ሰው፣ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ተመልካቹ ካላወቀ ንድፍ አውጪው የፈለገውን ለመጨመር ነፃ ነው። የሦስቱ ግቢዎች ደካማ ጎንም እዚህ ላይ ይጀምራል።

ብሮንክስ ከሦስቱ ቀዳሚው ነው፤ እንደ መልክዓ ምድር ሥራ እኔ የማደንቀውም እርሱን ነው። ኮረብታው ሰፊ ነው፣ ሣር አለበት፤ ጎብኚው ከተለያዩ ማዕዘናት ያያል፣ መንጋውም እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል። ለ1990 ይህ ከብረት ፍርግርግ የራቀ ትልቅ እርምጃ ነበር። ችግሩ ምሳ ሲደርስ ነው። ከግቢው አጠገብ ያለው መመገቢያ ሶምባ መንደር ይባላል፤ ሶምባ የቤኒንና የቶጎ ሕዝብ ነው። በመንዝ ካለው የጓሳ ደጋ እስከ ቤኒን ያለው ርቀት ከአዲስ አበባ እስከ ሮም ካለው ብዙም የሚያንስ አይደለም። የዲዝኒ ንድፍ አውጪዎች በ1998 ለእንስሳት ፓርካቸው ሐራምቤ የተባለ የምሥራቅ አፍሪካ ከተማ ሲፈጥሩ ቢያንስ የኬንያዋን ላሙን መሠረት አድርገው ከሥርዓቱ ሳይወጡ ነው የሠሩት። ልብ ወለዱ ከተማ ከእውነተኛው የደጋ ቅጂ ይልቅ ወጥ ሆኖ መገኘቱ ያስገርማል።

ሳን ዲዬጎ ገንዘብ የፈሰሰበት ነው። የኢትዮጵያው ክፍል «አፍሪካ ሮክስ» የተባለው፣ 8 ኤከር ገደማ የሚሰፋና 68 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ ፕሮጀክት አካል ሲሆን ከማዳጋስካር ደን፣ ከደቡብ አፍሪካ ፔንግዊኖችና ከምዕራብ አፍሪካ ደን ጋር በአንድ መንገድ ተሰድሯል። ጎብኚው በአንድ ሰዓት አህጉር ያካልላል። ለሰሜን ሸዋ ሰው ግርምት የሚፈጥረው ግን ጭላዳው ከሐማድሪያስ ዝንጀሮ ጋር አብሮ መቀመጡ ነው። ሐማድሪያስ የአዋሽና የአፋር በረሃ ዝንጀሮ ነው። ከጓሳ ጫፍ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል የሚያይ ሰው የሁለቱንም አገር በአንድ እይታ ሊያገኝ ይችላል፤ በመካከላቸው ግን ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ ገደል አለ። ይህን ገደል አስወግዶ «ደጋ» ማለት ለእይታ ይጠቅም ይሆናል፤ ደጋን ደጋ ያደረገው ግን ያው ገደል ነበር።

ዙሪክ ላይ የምለው አጭር ነው። ከሦስቱ ቦታውን በስሙ የጠራው እርሱ ነው። ስዊሶች ከሰሜን ተራሮች ጋር የቆየ ትስስር አላቸው፤ በርንሃርድ ኒቨርጌልት ዋልያን ያጠኑ፣ ሃንስ ሁርኒም በ1970ዎቹ በፓርኩ ውስጥ የሠሩ የዚያው አገር ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ስሙ የተለጠፈ ብቻ አይደለም። በጀርመን የራይነ ከተማ መካነ እንስሳት ደግሞ ይህን ያህል ጌጥ ሳያበዛ ከአውሮፓ ትልቁን የጭላዳ መንጋ ሲያራባ ኖሯል፤ ለዝርያው ጥቅም ከታየ ትሑቱ ራይነ ከባለጌጦቹ ይቀድማል።

ሦስቱም ባለጌጥ ግቢዎች የሚጋሩት አንድ ማታለል አለ። ዋልያ በየትኛውም የዓለም መካነ እንስሳት የለም። የዋልያን ቦታ በሦስቱም የያዘው የኑብያ አይቤክስ ነው፤ የሲና፣ የአረቢያና የሱዳን በረሃማ ተራሮች ፍየል። ተተኪ ተዋናይ ማለት ይህ ነው፤ ቀንዱ ይመሳሰላል፣ አገሩ ግን ሌላ ነው። ቀይ ቀበሮም እንዲሁ በየትኛውም ማቆያ አይገኝም፤ በጠቅላላው በኢትዮጵያ ደጋዎች የቀረው ከ500 አይበልጥም። ለቀይ ቀበሮ ግን ተተኪ እንኳ አልተፈለገለትም።

ይህ ጉድለት ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም በጓሳ የተገኘው ከሁሉ የሚደንቀው ነገር የጭላዳና የቀይ ቀበሮ አብሮ መኖር ነውና። ፒተር ፋሺንግና ኛ ንጉየን ከ2005 ጀምሮ የጓሳን ጭላዶች ሲያጠኑ ቆይተዋል፤ የሚከተሉት መንጋ ከ200 በላይ ነው። ቪቬክ ቬንካታራማንና ባልደረቦቹ በ2015 ባወጡት ጥናት መሠረት ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲያድን ግን ከአራቱ አንዱ ብቻ። ጭላዶቹም ቀበሮው ግልገላቸውን እምብዛም ስለማይነካ አይሸሹትም፤ ውሻ ሲያዩ ግን ወደ ገደሉ ነው። መኖው ራሱ ሌላ ትምህርት ነው። የጓሳ ጭላዳ ከምግቡ ከግማሽ በላዩ የሣር ቅጠል ቢሆንም ከሲሶ የሚበልጠው ሌላ ዕፅ ነው። በጠባብ ግቢ የገባ መንጋ ሣሩን ሳይጠግብ ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ ጠባቂ አጭዶ ያመጣለታል። ሥጋው ይፋፋል፣ ቀኑን ሙሉ የሚያውለው ሥራ ግን ይጎድለዋል።

አሁን ወደ ዋናው። ጓሳ በመንዝ ጌራ ምድር፣ ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል ወደ 265 ኪሎ ሜትር ላይ ይገኛል፤ ከባሕር ጠለል ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍ ያለ ነው። ስሙን የሰጠው ጓሳ ሣር ነው፤ ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት። ጅብራው በሜዳው ላይ ቆሞ ይታያል። ከዚህ የሚወርደው ውኃ ከፊሉ ወደ አዋሽ፣ ከፊሉ በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል። በጀማ ሸለቆ ማዶ የመርሐቤቴ ገደሎችም ጭላዳ አያጡም፤ የደብረ ሊባኖስም መንጋ ያለ ቲኬት ከመንገድ ዳር ይታያል።

ይህ ቦታ ግን እስከ ዛሬ የቆየው ስለ ራቀ ብቻ አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ የመንዝ ሰው ቄሮ የተባለ ሥርዓት አቆመ። ቀዳሚዎቹ አባቶች አስቦና ጌራ ቦታውን እንደተካፈሉ ይነገራል፤ የጌራ ስም በወረዳው ስም ላይ አለ። ባለመብቱ የእነርሱ ዘር ነበር። ሥርዓቱን የሚመራው አባ ቄራ ይባላል፤ በዚህ ሥርዓት ጓሳ ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ለማንም ይዘጋል። ማጨድም ማሰማራትም የለም። ሣሩ ሲደርስ በበጋው ይከፈታል፣ ክረምቱ ሲገባ በሐምሌ አቦ ሰሞን ሰውም ከብትም ይወጣል። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር የቄሮ መሠረትም ተናጋ። ከዚያ በኋላ በዙሪያው ያሉ ገበሬዎች በኮሚቴ እንደገና ተደራጁ፣ ጠባቂ ቀጠሩ፣ የማኅበረሰብ ሎጅ ተሠራ። ከረዱት አንዱ የፍራንክፈርት የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር ነው። እንስሳ በማሳየት ከሚታወቅ ከተማ የተነሣ ገንዘብ ደጋውን ባለበት ለመጠበቅ ውሏል ማለት ነው፤ ከሦስቱ የኮንክሪት ግቢዎች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

ንድፍ አውጪዎቹ ያልቀዱት ይህን ነው። ዐለት በኮንክሪት ይፈሳል፣ ዝንጀሮ በሣጥን ይጫናል፤ ለአምስት ዓመት ሣር ሳይነካ የሚጠብቅ ሕዝብ ግን ግቢ ውስጥ አይተከልም። ሌላም ያልቀዱት አለ፤ ገብስ። መንዝ ውስጥ ጭላዳ እንግዳ የሚያስደስት እንስሳ ብቻ ሳይሆን የማሳ ሌባም ነው፤ በመከር ወንጭፍ ይዞ ሲጠብቀው የሚውለው የገበሬው ልጅ ነው። ከብቶቹና የመንዝ በጎቹም በዚያው ደጋ ሣር ይፈልጋሉ፤ ያለዚያ በግ ባናውም ዝተቱም የለም። ይህ ፍትጊያ ከሌለ የመንዝ ደጋ ግማሹ ነው።

እኛም ራሳችንን ስንቀዳ ኖረናል። በአንኮበር ኮረብታ ላይ ከምኒልክ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አጠገብ በጥንቱ አሠራር መልክ የተሠራው ሎጅ አለ፤ እንግዳው በታሪክ ውስጥ ያደረ እንዲመስለው። መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው አንድነት ፓርክም ከቤተ መንግሥቱ ቅርሶች ጎን ክልሎቹን በየራሳቸው ቤት ደርድሮ ያሳያል፣ ጥቁር ጎፈር አንበሶችም አሉት። በአቀራረብ ከዲዝኒ ብዙ አይርቅም። አንኮበር የሚሻልበት ምክንያት ቦታው ራሱ ስለሆነ ነው፤ ንፋሱን መቅዳት አላስፈለገም።

ጓሳ በዚህ ውድድር የሚሸነፍበት ነገር የለም ማለት ግን አይቻልም። ሳን ዲዬጎ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው፤ ቲኬት የቆረጠ ሁሉ ጭላዳ ያያል። ጓሳ ላይ ጉም ከወረደ ቀኑን ሙሉ ምንም ላይታይ ይችላል፣ ሌሊቱም ብርድ ነው። ከ2023 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ደግሞ ከሁሉ የከፋው መሰናክል ሆኗል፤ ከጎብኚ የሚገኘው ገቢ ሲቀንስ ሣሩን ሳይነኩ መጠበቅ ለሚከብደው አባወራ የሚሰጠው ምክንያትም አብሮ ይቀንሳል።

በመጨረሻም የግቢዎቹን ሰሌዳ ሊያስለውጥ የሚችል አንድ ጉዳይ አለ። በ2022 የወጣ የዘረ መል ጥናት የሰሜኑ ጭላዳ 44 ክሮሞዞም፣ የመካከለኛው ደጋ ጭላዳ 42 ክሮሞዞም እንዳላቸው አሳይቶ ሁለቱ የተለያዩ ዝርያዎች ሳይሆኑ አይቀሩም ብሏል። ከዚህ ወዲያ «የሰሜን ተራሮች» ብሎ የጻፈ ግቢ ያስቀመጠው ጭላዳ የሰሜን ነው ወይስ የመካከለኛው ደጋ ብሎ መጠየቅ አይቀርለትም፤ «የኢትዮጵያ ደጋ» ያለውም የትኛው ደጋ እንደሆነ መጻፍ ይኖርበታል።