ዲፕራተር ይነፋ ወይስ ይቀየር?

በአዊ ዞን የፋግታ ለኮማ ገበሬ የዲከረንስ ዛፍ ተክሎ ከሰል ማክሰል ከጀመረ ወዲህ፣ ከአዲስ ቅዳም ከሰል ጭኖ በእንጅባራ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ አይሱዙ የመንገዱ ደንበኛ ሆኗል። ነጋዴው ሒሳቡን የሚሠራው በኪራይና በናፍጣ ነው። የመኪናው ባለንብረት ግን ብዙም የማይነገርለት ሌላ ወጪ አለበት፤ ሞተሩ የሚስበው አቧራ።

አንድ ሊትር ናፍጣ ለማቃጠል ሞተር ቢያንስ 12 ኪሎ ግራም አየር ያስፈልገዋል። ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ በምትገኘው እንጅባራ ይህ ከ12 ሺህ ሊትር በላይ አየር ማለት ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ በመሆኑ፣ በተለይ ቱርቦ የሌለው ሞተር ድሮውንም ትንፋሽ ያጥረዋል። በዚያ ላይ ዲፕራተሩ ከተደፈነ መኪናው ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ናፍጣ ያባክናል፣ የዓባይ በረሃን ዳገት ሲወጣ ጉልበት ያጣል።

መደፈን ግን ቀላሉ ችግር ነው። የከሰል ብናኝ ይበልጡን ይደፍናል። ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ቀበሌ በሚገባው መንገድ ላይ የሚነሣው የአፈር አቧራ ግን ከብረት የሚጠነክር የድንጋይ ብናኝ ስላለበት፣ በተቀደደ ማጣሪያ ካለፈ የፒስተን ፋሻውንና የሲሊንደሩን ግድግዳ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ዘይት መብላት ይጀምራል፤ መጨረሻውም ሞተር ማስወረድ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከ58 ብር በታች የነበረው የአንድ ዶላር የባንክ ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ሁሉ ይህን ጭማሪ ስለሚሸከም ባለንብረቱ አሮጌውን ማጣሪያ ደጋግሞ ማስነፋትን ይመርጣል። ነገር ግን ሞተር ሲወርድ የሚቀየረው ዕቃም የሚመጣው በዚያው ዶላር ነው፤ መኪናው ጋራዥ የቆመባቸው ቀናት ኪራይም አብሮ ይቀራል።

ማስነፋቱ በራሱ ስሕተት አይደለም፤ አነፋፉ እንጂ። የተለመደው ረዳቱ ማጣሪያውን ከጎማ ጋር እየመታ ማራገፍ፣ ወይም ጎሚስታ ቤት ወስዶ በሙሉ ኃይል ማስነፋት ነው። መምታቱ ጠርዙን ያጣምማል። የጭነት መኪና ጎማ የሚሞላበት 7 እና 8 ባር ግፊት ደግሞ ወረቀቱን ይበሳል። ግፊቱ ወደ 2 ባር ወርዶ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከወረቀቱ ራቅ ተደርጎ ይነፋ። ቀጥሎ ጨለማ ቦታ አምፖል ከውስጡ ሲበራ እንደ መርፌ ቀዳዳ ብርሃን የሚያሳይ ከሆነ ይጣል። ሁለት ማጣሪያ ባላቸው መኪኖች ላይ የውስጠኛው ይቀየራል እንጂ አይነፋም። አንዳንድ የከባድ መሣሪያ አምራቾች ዋናውም ቢሆን ከ6 ጊዜ በላይ እንዳይጸዳ ይከለክላሉ።

በየቀኑ መክፈትም አይደገፍም። ጥቂት አቧራ የያዘ ወረቀት ከአዲሱ የተሻለ ያጣራል፤ በተከፈተ ቁጥር ግን አቧራ ወደ ንጹሑ በኩል ሊወድቅ ይችላል። የመደፈን ምልክት ማሳያ ያለው መኪና እሱን ይጠብቅ። ከሰል በሚጫንበት ሰዓት ሞተሩን ማጥፋት ደግሞ ምንም አያስወጣም።

አዲስ ሲገዛ ካርቶኑ ላይ ያለው ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ አስመስሎ የሚሠራ ሞልቷል። አሮጌውን ይዞ መሄድና ቁመቱን፣ የወረቀቱን እጥፋት ብዛትና የዳር ጎማውን ማስተያየት ይሻላል። እጥፋቱ ያነሰ ማጣሪያ ቶሎ ይደፈናል። ጎማው የደረቀ ወይም የሳሳ ከሆነ አቧራው ወረቀቱን ትቶ በዳር ይገባል።

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ወይም የሚያሻሽጥ ደላላ ቀለሙንና ጎማውን ከማየቱ በፊት ከዲፕራተሩ ወደ ሞተር የሚሄደውን ቱቦ አስፈትቶ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ይጥረገው። ጨርቁ አቧራ ይዞ ከወጣ፣ ሻጩ የሚጠራው ዋጋ ላይ የሞተር ማስወረጃ ተቀናሽ ይደረግ።