የጳጉሜ ጉድጓድ

ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ሰው የግራፉን ቀለም፣ ነጥብና መስመር የሚወስኑትን ትእዛዞች እንደ ኩል ያያቸዋል፤ ዋናው ሥራ ካለቀ በኋላ ለማማር የሚቀቡ ይመስሉታል። ይህ በትእዛዞቹ ላይ የሚፈጸም በደል ነው። ግራፍ ላይ የሚሰመር መስመር ምስክርነት ይሰጣል፦ «ከዚህ ነጥብ እስከዚያ ነጥብ ነገሩ እንዲህ እያለ አለፈ» ይላል። ብቻውን የተቀመጠ ነጥብ ደግሞ «የለካሁት ይህን ነው» ብሎ ዝም ይላል። ስለዚህ በትእዛዙ ውስጥ መስመር የምታመጣዋን ሰረዝ ጨምሮ መጻፍና ትቶ መጻፍ ለአንባቢ የሚነገረውን ነገር ይለውጠዋል።

መሠረቱ አጭር ነው። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ግራፍ ለመሳል በብዛት የሚሠራበት ማትፕሎትሊብ ሲሆን፣ የነርቭ ጥናት ባለሙያው ጆን ሃንተር በ2003 እ.ኤ.አ. አውጥቶታል፤ የአጻጻፍ ልማዱ ማትላብ ከተባለው የስሌት ሶፍትዌር የተወረሰ ነው። «ፕሎት» የሚለው ትእዛዝ የአግድሙንና የቋሚውን ቁጥሮች ከተቀበለ በኋላ በትእምርተ ጥቅስ የታሰረች አጭር የፊደል ጥቅል ይቀበላል። የላቲኑ «አር» ቀይ፣ «ኦ» ክብ ነጥብ፣ አንድ ሰረዝ ድፍን መስመር፣ ሁለት ሰረዝ ቁርጥራጭ መስመር ነው። ጥቁር «ኬ» የተባለው «ቢ» በሰማያዊ ስለተያዘች ነው። ጥቅሏ ጭራሽ ካልተጻፈች መሣሪያው ማንንም ሳይጠይቅ ነጥቦቹን በመስመር ያያይዛል፤ «አር ኦ» ተብሎ ሰረዟ ከተተወች ግን መስመሩ ይጠፋል። ጀማሪው ይህን ሲያይ ፕሮግራሙ የተበላሸ ይመስለዋል። የታዘዘውን ነው የሠራው።

መስመሩ ምን ያህል ሊዋሽ እንደሚችል ለማየት ንፋስ መውጫን እንውሰድ። ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር በላይ የተቀመጠች የላይ ጋይንት ከተማ ናት፤ የዝናብ ቁጥር በእንዲህ ያለ ደጋ የእህል ጉዳይ ነው። በዝናብ መለኪያ በየቀኑ የተነበበው በእኛ ዘመን አቆጣጠር ከጥቅምት እስከ መስከረም በወር በወር ቢደመር 13 ቁጥሮች ይገኛሉ። እነዚህን ለ«ፕሎት» አስረክቦ ዝም የሚል ሰው ነሐሴ ላይ ከፍ ብሎ፣ ጳጉሜ ላይ ገደል ገብቶ፣ መስከረም ላይ እንደገና የሚወጣ መስመር ያገኛል። አገሩን የማያውቅ አንባቢ ዝናቡ ድንገት ቆሞ ተመለሰ ብሎ ይተረጉመዋል። ጳጉሜ 3፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ዝናቡን እንደ ጠበል ቆጥሮ ሊጠመቅበት ደጅ የሚወጣ ሕዝብ ግን በዚህ ይስቃል። ጉድጓዱን የቆፈረው የቀኑ ቁጥር ነው፤ ጳጉሜ 5 ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ 6 ቀን ናት። ዝናቡ በየቀኑ እኩል ቢዘንብ እንኳ የ5 ቀን ድምር የ30 ቀኑ አንድ ስድስተኛ ብቻ ይሆናል።

«ይህማ የስሌት ስህተት ነው፤ በቅርጽ ትእዛዝ ለምን ይሳበባል?» የሚል ይኖራል። ግማሹ እውነት ነው፤ ድምሩን በቀናት ማካፈል ከፍታውን ያስተካክላል። ስፋቱ ግን ይቀራል፦ 13ቱ ነጥቦች እኩል ተራርቀው ከተቀመጡ አምስቱ ቀን እንደ ሠላሳው ቀን ቦታ ይይዛል። መድኃኒቱም ያው የተናቀው የቅርጽ ትእዛዝ ነው። «ባር» የተባለው ትእዛዝ «ዊድዝ» በሚል ስም የእያንዳንዱን ዓምድ ስፋት ለየብቻ ይቀበላል። ከፍታው የቀን አማካይ፣ ስፋቱ የቀኑ ብዛት፣ መነሻው ወሩ የሚገባበት ቀን ይሁን፤ ያኔ ጳጉሜ ቀጭን ሆና ከጎረቤቶቿ ጋር ትቆማለች፣ የእያንዳንዱ ዓምድ የቆዳ ስፋትም የወሩን ጠቅላላ ዝናብ ይሰጣል። «አላይን» የሚለውን ወደ «ኤጅ» መለወጥ እንዳይረሳ፤ ካልተነገረው መሣሪያው ዓምዱን መሃል ለመሃል ያቆመውና ጳጉሜና መስከረም ይደራረባሉ።

ሌላው ተቃውሞ «ነባሪውን ቅርጽ፣ ሳይታዘዝ መሣሪያው ራሱ የሚወስደውን፣ ባለሙያዎች አስበው መርጠውታል፤ ጀማሪ ለምን ይነካካዋል?» የሚል ነው። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ነክተውታል። በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው 2.0 እትም «ጄት» የተባለውን የቀስተ ደመና ቀለም ከነባሪነት አውርደው «ቪሪዲስ»ን ተክተዋል፤ ቀስተ ደመናው በቁጥሮቹ ውስጥ የሌለ ድንበር ለዓይን ይፈጥር ነበርና። ጳጉሜ የምትባል ወር እንዳለች ደግሞ ነባሪው ከየት ይወቅ?

የወሮቹን ስም በላቲን ፊደል የሚጽፉ ሰዎችም ጥቂት ተግሣጽ አይበዛባቸውም። ምክንያታቸው ነሐሴ ተብሎ ሲጻፍ ባዶ ሳጥኖች መውጣታቸው ነው። ሳጥኑ የሚመጣው ነባሪው ፊደል «ዴጃቩ ሳንስ» የግዕዝ ፊደላት ስለሌሉት ነው። «ፎንት ፋሚሊ» ላይ «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ»ን፣ ዊንዶውስ ላይ ከሆነ «ኢብሪማ»ን መሰየም ይበቃል፤ ከ3.6 እትም ወዲህ ሁለት ፊደል በተርታ ስለሚቀበል ዴጃቩን አስከትሎ መጻፍ ይቻላል፣ በመጀመሪያው የሌለውን ከሁለተኛው ይወስዳል።