የርካሽ አገር ዋጋ

የሊባኖስ ስም ለኢትዮጵያ ክርስቲያን ቤተ ሰብ እንግዳ አይደለም። ልጅ ከየኔታ ፊት ተቀምጦ ዳዊት መድገም ሲጀምር የሊባኖስን ዝግባ ከመዝሙሩ ውስጥ ያገኘዋል፤ ጠቢቡ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ያሠራው ከዚያ ተራራ በመጣ እንጨት መሆኑንም ይማራል። ጻድቁ አባታችን ተክለ ሃይማኖት የተጋደሉበት ደብረ አስቦም በ15ኛው መቶ ዓመት ስሙ ተለውጦ ደብረ ሊባኖስ ተብሏል። ስለዚህ አንዲት የጉለሌ እናት «ልጄ ሊባኖስ ልሂድ አለችኝ» ስትል፥ ስሙ ከመጽሐፍ የወጣ ነውና በመጀመሪያ ሲሰሙት ልብን አያስደነግጥም። የሚያስጨንቀው ከስሙ በስተ ኋላ ያለው ነገር ነው።

በዚህ ዓመት ከእንጦጦ ተራራ ሥር፥ በሽሮ ሜዳ፥ ወደ አንድ የሸማኔ ቤት ለምክር ተጠርቼ ነበር። የቤቱ ጌታ እግሩን ከጉድጓዱ አግብቶ መወርወሪያውን ሲወረውር ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ሥራው አልተጓደለም፤ ገቢው ግን ከኑሮው ጋር እኩል መራመድ አቅቶታል። ፈትሉ ተወድዷል፤ ጥለት የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ደግሞ ከእጅ ሥራው ጎን ተሰቅሎ በርካሽ ይሸጣል። እናቲቱ ቡና አፍልታለች፤ የንስሐ አባታቸው በክብር ቦታ ተቀምጠዋል። ልጅቱ 12ኛ ክፍል ጨርሳ ሁለት ዓመት ሥራ ስትፈልግ የኖረች የ19 ዓመት ወጣት ናት። በእጇ አንድ ወረቀት ይዛለች።

«ጋሼ፥ እስቲ ይህን ያንብቡልን» አለችኝ እናቲቱ። ወረቀቱን ያመጣው ደላላ ነው። የተጻፈውም በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ነበር። ቤተ ሰቡ ከመላው ጽሑፍ ለይቶ ያወቀው 200 የሚለውን ቁጥር ብቻ ነው፤ ይኸውም በወር 200 ዶላር ማለት ነው።

ልጅቱም ሐሳቧን በሥርዓት አስረዳች። «እዚህ የማገኘው ሁሉ ለቤት ኪራይና ለእህል ያልቃል፤ እዚያ ግን ኑሮ ርካሽ ነው። የቤት ኪራይ የለብኝ፤ የምግብ ወጪ የለብኝ። የተከፈለኝ እንዳለ ተጠራቅሞ ለእናንተ ይመጣል» አለች። ይህ አነጋገር የሰነፍ አይደለም፤ ሒሳብ አለበት። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተፈቀደ በኋላ፥ ቀድሞ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር በላይ ሆኗል። ስለዚህ ሁለት መቶ ዶላር ሲባል በሽሮ ሜዳ ጆሮ የሚሰማው በብር ተባዝቶ ነው። የሊባኖስ ርካሽነት የሚታየን የራሳችን ኑሮ ከመክበዱ የተነሣ መሆኑን መካድ አይገባም።

የሆነ ሆኖ አንድ አገር ርካሽ ነው ከማለት በፊት፥ ለማን ርካሽ እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሊባኖስ ስፋቷ 10,452 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነ ትንሽ የእስያ አገር ናት። በምዕራብ በኩል የሜዲትራንያን ባሕር ያዋስናታል፤ ከባሕሩ ጥቂት ገባ ሲሉ ተራራው ይነሣል። ትልቁ ጫፍ 3,088 ሜትር ይደርሳል፤ ከእንጦጦ ራስ ጋር የሚቀራረብ ከፍታ ነው፤ ልዩነቱ በክረምት በረዶ መልበሱ ነው። ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. የቆየው የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ በኋላ ብዙ የሊባኖስ ቤተ ሰቦች የቤት ሠራተኛ ከኢትዮጵያ፥ ከፊሊፒንስ፥ ከስሪላንካ፥ ከኔፓልና ከሌሎች አገሮች ያስመጡ ጀመር። ከእነዚህም ሁሉ የኢትዮጵያ ሴቶች ቍጥር ከፍተኛውን ስፍራ ከያዙት አንዱ ሆነ።

እነዚህ ሴቶች የሚተዳደሩበት ደንብ ከፋላ ይባላል፤ ትርጓሜው ዋስትና ማለት ነው። ሠራተኛዋ በአገሩ የመኖር ፈቃድ የሚኖራት አሠሪዋ ዋስ ስለ ሆነላት ነው። ከቤቱ ያለ ፈቃድ ብትወጣ፥ ምንም እንኳ በደመወዝ ክልከላ ወይም በድብደባ ምክንያት ብትወጣ፥ የመኖሪያ ፈቃዷን ታጣለች፤ እንደ ሕገ ወጥም ትቈጠራለች። በ1939 ዓ.ም. የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓቸዋል። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ የዕረፍት ቀንንና ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን አዲስ የኰንትራት ዐይነት የሥራ ሚኒስቴሩ አውጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የአገሩ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አገደው።

አሁን ደግሞ ወደ ገንዘቡ እንመለስ። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ አንድ ዶላር 1,507.5 የሊባኖስ ሊራ ነበር። ስለዚህ የ200 ዶላር ደመወዝ 301,500 ሊራ ማለት ነው። በ2012 ዓ.ም. ባንኮቹ ተናጉ፤ ሊራውም ወደቀ። በዚያው ዓመት ክረምት በገበያ አንድ ዶላር ወደ 8,000 ሊራ ደረሰ። አሠሪው «ኰንትራትሽን በቀድሞው ምንዛሪ በሊራ እከፍላለሁ» ቢል፥ ያው 301,500 ሊራ 38 ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። በ2016 ዓ.ም. አንድ ዶላር 89,500 ሊራ ሲሆን፥ ይኸው ደመወዝ ወደ ሦስት ዶላር ከሠላሳ ሰባት ሳንቲም ወርዷል። ዶላር ይዞ ለሚመጣ እንግዳ አገሪቱ በእርግጥ ረከሰች። በሊራ ለሚከፈላት ሠራተኛ ግን የረከሰው የገዛ ድካሟ ነው።

በዚያ ጊዜ የሆነውን ብዙዎቻችን በሥዕል አይተነዋል። መክፈል ያቃታቸው አንዳንድ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው በመኪና አምጥተው በቤሩት አጠገብ ካለው ከኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ሄዱ። ሴቶቹም በእግረኛ መንገድ ላይ ፍራሽ ዘርግተው አደሩ። ብዙ ሳይቈይ ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. በቤሩት ወደብ የደረሰው ፍንዳታ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎችን ገደለ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲበረታ ደግሞ አሠሪዎቻቸው ሲሸሹ የተተዉ የቤት ሠራተኞች በአደባባይና በባሕር ዳርቻ ማደር ግድ ሆነባቸው። ፓስፖርቷ በአሠሪዋ ሣጥን የተቈለፈባት ሴት፥ አውሮፕላን ቢገኝ እንኳ በምን ትሳፈር?

ይህን ስንል በሊባኖስ ደግ ሰው የለም ማለታችን አይደለም። ሠራተኛቸውን እንደ ልጃቸው የያዙ ቤቶች አሉ። ደመወዛቸውን አጠራቅመው ወንድምና እኅት ያስተማሩ፥ ለወላጆቻቸው ቤት የሠሩ እኅቶቻችንም አሉ። ከእነርሱም የዕረፍት ቀን የተፈቀደላቸው እሑድ በቤሩት ተሰብስበው በእኛው ሥርዓት ይጸልያሉ። ነገር ግን ደግ ቤት ማግኘት ዕጣ ሲሆን፥ ልጅን በዕጣ መላክ አይገባም፤ በሕግና በውል መላክ ይገባል እንጂ።

የንስሐ አባታቸው ይህን ሁሉ ሲያዳምጡ ከቈዩ በኋላ ልጅቱን፥ «ልጄ፥ የምግብ ወጪ የለብኝ አልሽ። በዐቢይ ጾም ከዚያ ቤት የሚሰጥሽ ምን ይሆን? እሑድስ ከቤት መውጣት ይፈቀድልሻል?» ብለው ጠየቋት።

«አላውቅም፥ አባቴ» አለች።

«እንግዲህ ያላወቅሽውን ነገር በነጻ አገኛለሁ ብለሽ ቈጥረሽዋል» አሏት፤ ቃላቸው ግን የቍጣ አልነበረም።

ከዚህም በኋላ በወረቀቱ ጀርባ ላይ ጥያቄ እየጻፍን ተቀመጥን። ለሌላውም ቤተ ሰብ ይጠቅማልና እነሆ፦

አንደኛ፥ ደመወዙ የሚከፈለው በዶላር ነው ወይስ በሊራ? በየወሩስ በማን እጅ ይደርሳል?

ሁለተኛ፥ ፓስፖርቱ በማን እጅ ይቀመጣል?

ሦስተኛ፥ በሳምንት የዕረፍት ቀን በውሉ ተጽፏልን? ከቤት ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን መሳምስ ይፈቀዳልን?

አራተኛ፥ ስልክ መያዝና ከቤተ ሰብ ጋር መነጋገር ይቻላልን?

አምስተኛ፥ ሕመም ወይም ጦርነት ቢመጣ የመመለሻውን ትኬት የሚከፍለው ማነው?

በአገራችንም ስለዚህ ነገር ሕግ አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣውና በ2013 ዓ.ም. የተሻሻለው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ዐዋጅ፥ ዕድሜዋ 18 ዓመት ያልሞላትን እንዳትላክ ይከለክላል፤ ከተቀባዩ አገር ጋር የሁለትዮሽ ስምምነት እንዲኖርም ያዛል። የመግቢያ ቪዛን፥ የደርሶ መልስ መጓጓዣን፥ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን እንዲሁም የመድንን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ስለዚህ ደላላ ለእነዚህ ብሎ ከእናት ዕቁብ ገንዘብ ሲጠይቅ፥ ነገሩ ገና ከደጃፉ መጣመሙን ያሳያል። ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሄዶ ኤጀንሲው ፈቃድ ያለው መሆኑን፥ ወደዚያ አገር መላክም የተፈቀደ መሆኑን መጠየቅ የግማሽ ቀን ድካም ነው። ቀድሞ ልጁን የላከ ቤተ ሰብም ቢሆን የፓስፖርቷን ግልባጭ፥ የአሠሪዋን ሙሉ ስም፥ የሰፈሩን አድራሻና የቆንስላውን ስልክ ጽፎ በቤቱ ያስቀምጥ። በችግር ቀን መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነው።

ደላላው በማግሥቱ ሲመጣ ጥያቄዎቹ ቀረቡለት። ስለ ስልኩና ስለ ደመወዙ ቃል ሰጠ፤ ስለ ቀሩት ግን «እዚያ ስትደርስ ትስማማለች» ብሎ አለፈ።

አባትየውም «በቃ፥ አትሄጅም» አላት። ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎን ነበር። ልጅቱ ግን ቀና ብላ፥ «አባባ፥ መሄዴ ውድ መሆኑን ቈጥራችሁ አሳያችሁኝ፤ እኔም አመንኩ። መቅረቴስ ለማን ነው ርካሽ? ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህ ተቀምጬ ማን ሒሳብ አወጣልኝ?» አለች።

ለዚህ ቃል ከመካከላችን ወዲያው መልስ ያገኘ የለም። አባትየው መወርወሪያውን እንደ ያዘ ዝም አለ። እውነቷን ነበርና። ልጅን ከመንገድ መመለስ ለእኛ ለሽማግሎች ቀላል ነው፤ በአፍ ያልቃል። የቀረችው ልጅ ግን በማግሥቱ ያንኑ ኪራይ፥ ያንኑ እህል፥ ያንኑ ሥራ ማጣት ታገኘዋለች። ስለዚህ «አትሂጅ» ማለትም ዕዳ ያስገባል፤ ዕዳውንም መክፈል ያለበት ከልካዩ ነው።

ዕዳውን መጀመሪያ የተቀበለችው እናቲቱ ናት። ለደላላው ሊሰጥ የነበረውን የዕቁብ ገንዘብ ለስፌት መኪና አዋለችው። እስከ አሁን አባትየው የሸመነውን ጨርቅ እንዳለ ለነጋዴ ያስረክብ ነበር፤ ነጋዴውም ቀሚስ አሰፍቶ ትርፉን ይወስዳል። አሁን ልጅቱ ከአንዲት ጎረቤት ስፌት እየተማረች ከአባቷ ጨርቅ ቀሚስና የልጆች ልብስ ትሰፋለች። አባትየውም ቀድሞ ያላደረገውን አደረገ፤ ከተሸጠው ልብስ የድካሟን ዋጋ ቈርጦ በስሟ በባንክ ያስገባላታል። ገቢዋ ገና ወደ 200 ዶላር አይጠጋም፤ ይህንን መሸሸግ አያስፈልግም። ወረቀቱንም አልቀደደችውም፤ በሣጥን አስቀምጣዋለች። «አምስቱ ጥያቄዎች በጽሑፍ የተመለሱ ቀን እንደ ገና እንነጋገራለን» ብላለች። አባቷም በዚህ ተስማምቷል።

ውድ አንባብያን ሆይ፥ በየቤታችን እንዲህ ያለ ወረቀት የያዘች ልጅ ትኖር ይሆናል። ከመፍረዳችን በፊት አብረናት ተቀምጠን ሁለቱንም ሒሳብ፥ የመሄዱንም የመቅረቱንም፥ እንቍጠርላት። መሄዱ ውድ ሆኖ ከተገኘ፥ የመቅረቱን ዋጋ እርሷ ብቻዋን እንዳትሸከመው እኛም እጃችንን ከኪሳችን እናግባ።