የውጫሌ ውል የንግድ አንቀጾች

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያቀናው አውራ ጎዳና የሐይቅን ከተማ አልፎ የአምባሰልን ምድር ሲያቋርጥ የሚያገኛት ውጫሌ፣ ዛሬ የወረዳዋ ዋና ከተማ ናት። ስሟ ከኢትዮጵያ አልፎ በዓለም የዲፕሎማሲ ታሪክ ሊጠራ የቻለው፣ በአቅራቢያዋ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ስፍራ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና የኢጣልያው ንጉሥ የኡምቤርቶ መልእክተኛ ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ በተፈራረሙት ውል ነው። ውሉ 20 አንቀጾች ያሉት ሲሆን በሕዝብ ዘንድ የሚታወቀው ግን 17ኛው ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የአማርኛው ቅጂ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመጻጻፍ በኢጣልያ መገልገል እንደሚችሉ ሲፈቅድ የኢጣልያንኛው ቅጂ ግዴታ ያደርገው እንደነበረ፣ ጠቡም ወደ ዐድዋ እንዳደረሰ በየትምህርት ቤቱ የሚነገር ነው። ይሁንና ሰነዱ በአቋሙ የወዳጅነትና የንግድ ውል በመሆኑ፣ የቀረጡን፣ የመሣሪያ መተላለፊያውንና የዳኝነቱን አንቀጾች ሳይመለከቱ ምንነቱን መረዳት አይቻልም።

በሁለት መንግሥታት መካከል የሚደረግ የንግድ ውል፣ የአንዱ አገር ነጋዴ በሌላው አገር በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ምን ያህል ቀረጥ እንደሚከፍል፣ ቢጣላ ወይም ቢሞት ጉዳዩን ማን እንደሚያየው አስቀድሞ የሚወስን ስምምነት ነው። ለኢትዮጵያ የጊዜው ዋና ችግር በሩ ነበር። በግንቦት 1876 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከእንግሊዙ አድሚራል ሂወት ጋር በዐድዋ በተዋዋሉት መሠረት ዕቃ ሁሉ፣ መሣሪያም ጭምር፣ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ሆኖ በምጽዋ ያለ ቀረጥ ሊያልፍ ተስማምተው ነበር። ነገር ግን ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በጥር 1877 ዓ.ም.፣ ያችው እንግሊዝ እያወቀች ኢጣልያ ምጽዋን ያዘች። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ሲወድቁ፣ ዙፋኑን የተረከቡት ምኒልክ የባሕሩን በር ከያዘው መንግሥት ጋር መነጋገር ግድ ሆነባቸው፤ ውሉ የተፈረመውም ከመተማው ጦርነት ሁለት ወር ሳይሞላ ነበር።

ከንግዱ አንቀጾች ሁሉ በይበልጥ ሊጤን የሚገባው 5ኛው ነው። ወደ ምጽዋ የሚወርዱም ሆኑ ከምጽዋ የሚወጡ ነጋዴዎች በኢትዮጵያ ምድር የሚከፍሉት አንድ የመግቢያ ቀረጥ ብቻ፣ ይኸውም ከዕቃው ዋጋ ከመቶ 8 እንዲሆን ይደነግጋል። እንዲህ ያለው ቀረጥ በጭነት ብዛት ወይም በአጋሰስ ቁጥር ሳይሆን በዕቃው ግምት የሚሰላ ነው። የድንጋጌው ክብደት የሚታወቀው ቀድሞ ከነበረው ልማድ ጋር ሲተያይ ነው። ቡናውን፣ የዝሆን ጥርሱን፣ ዝባዱንና ቆዳውን በበቅሎና በአህያ ጭኖ የሚጓዘው ሲራራ ነጋዴ በየግዛቱ ወሰን፣ በየወንዙ መሻገሪያና በየአምባው ሥር በተተከለው ኬላ ሁሉ ሲከፍል የሚሄድ ስለነበር፣ ከውስጥ አገር ተነሥቶ ባሕር እስኪደርስ የሚከፍለው ድምር ትርፉን ይበላበት ነበር። ስለዚህ የአንድ ጊዜ ቀረጥ ለነጋዴው እፎይታ መሆኑ አይካድም፤ ኬላው ገቢው ለሆነለት የአገር ገዥ ግን ጉዳት ነበር። ከሁለቱ ይልቅ ከባድ የሆነው ሦስተኛው ውጤት ነው፤ የኢትዮጵያ መንግሥት በገዛ ምድሩ የሚያስከፍለው የቀረጥ ልክ ከባዕድ መንግሥት ጋር በተደረገ ውል ተወሰነ። አንድ መንግሥት ቀረጡን እንደ ፈቃዱ ከፍ ዝቅ ማድረግ ካልቻለ የሉዓላዊነቱ አንድ ክፍል በሌላው እጅ ነው ማለት ነው፤ ይህም ያለ ምንም የትርጉም ክርክር በግልጽ የተጻፈ ነበር።

6ኛው አንቀጽ ለምኒልክ የውሉ ዋና ጥቅም የነበረውን ይዟል። ጠመንጃና ጥይት በምጽዋ በኩል በነጻ እንዲያልፍ ሲፈቅድ፣ ፈቃዱ ለምኒልክ ብቻ የተሰጠ ስለሆነ፣ መሣሪያው በንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም በተጻፈ ጥያቄ ካልሆነ በቀር ወደ ሌሎች መኳንንት እጅ አይገባም ነበር። ዙፋኑ ገና ባልጸናበት ዘመን ይህ ትልቅ ኃይል ነው። ነገር ግን የሚሰጥ እጅ ሊከለክልም ስለሚችል፣ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ከያዙ ወዲህ የታጁራን ባሕረ ሰላጤ መንገድ አልተዉም፤ ከፈረንሳይ ነጋዴዎችም መሣሪያ መግዛታቸውን ቀጠሉ። ብልህነታቸው ከሁሉ በላይ የታየው በዚህ ይመስላል።

18ኛው አንቀጽ፣ ዋጋና ሁኔታ እኩል ሲሆን፣ የኢጣልያ ዜጎች በንግድና በኢንዱስትሪ ሥራ ከሌሎች ቅድሚያ እንዲያገኙ ይላል። 10ኛው ደግሞ ኢጣልያውያን በኢትዮጵያ ምድር እርስ በርስ ቢጣሉ ዳኝነቱን በምጽዋ ላለው የኢጣልያ ሹም ወይም ለወኪሉ ሰጠ።

በመስከረም 1882 ዓ.ም. የምኒልክ መልእክተኛ ደጃዝማች (በኋላ ራስ) መኰንን ወደ ኢጣልያ ሄደው ሳለ ተጨማሪ ውል ተፈረመ። በዚህም ኢትዮጵያ የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ስታገኝ፣ መያዣው የሐረር የጉምሩክ ገቢ ሆነ። የሐረር ጉምሩክ የደቡቡና የምሥራቁ ንግድ የሚያልፍበት ዋና የገንዘብ ምንጭ በመሆኑ፣ ዕዳው ባይከፈል የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አልነበረም። በተከታዩ ወር ኢጣልያ 17ኛውን አንቀጽ ጠቅሳ ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር እንደሆነች ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች፤ ምኒልክም ስለ ንግሣቸው ለአውሮፓ ነገሥታት በላኩት ደብዳቤ ምላሽ ጉዳዩን ተረዱ። 16ኛው አንቀጽ፣ ከ5 ዓመት በኋላ ማናቸውም ወገን ከ1 ዓመት በፊት አስታውቆ ውሉን ለማሻሻል እንዲችል ይፈቅድ ስለነበር፣ ምኒልክ ብድሩን ከፍለው በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉን እንደማይቀበሉ ለመንግሥታቱ አሳወቁ።

ከዐድዋ ድል በኋላ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌን ውል ፈጽሞ ሻረ፤ ኢጣልያም የኢትዮጵያን ሙሉ ነጻነት አወቀች። የንግዱ ጉዳይ ግን ወደ ፊት በሚደረግ ስምምነት እንዲታይ ተተወ። በዚያው ዓመት ፈረንሳይ ጅቡቲን የኢትዮጵያ ንግድ ዋና መውጫ የሚያደርግ ስምምነት አደረገች፤ እንግሊዝም ለመንግሥት አገልግሎት የሚመጣ ዕቃ በዘይላ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ተዋዋለች። የንግዱ አቅጣጫ ከምጽዋ ወደ ጅቡቲ መዞሩ የተረጋገጠው ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ነው።

ጦርነት የሻረው የ17ኛውን አንቀጽ መንፈስ ነበር። የ5ኛውና የ10ኛው መንፈስ ግን በሌላ መልክ ተመለሰ። በጥር 1900 ዓ.ም. ከፈረንሳዩ መልእክተኛ ክሎቡኮውስኪ ጋር የተፈረመው የንግድ ውል በፈረንሳይ ዕቃ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ በጥቅሉ ከመቶ 10 እንዳያልፍ ወሰነ፤ የፈረንሳይ ዜጎችንም ክርክር ከኢትዮጵያ ዳኞች ሥልጣን በከፊል አወጣ። ሌሎች መንግሥታትም ለአንዱ የተሰጠ ጥቅም ለሁሉ እንዲሰጥ በሚያዘው ልማድ ይህንኑ ስለጠየቁ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚያገኘው ገቢ በሌሎች ፈቃድ ታስሮ ለብዙ ዓመታት ቆየ።