የቶሌዶ የጭቃ ዶሮዎች

ቶሌዶ በኦሃዮ ግዛት፣ የማውሚ ወንዝ ከኤሪ ሐይቅ በሚገናኝበት ዳርቻ የተቆረቆረች፣ 270 ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት ከተማ ናት። የምትተዳደረው መስታወትና ጂፕ መኪና እየሠራች ነው። በዋናው የቤዝቦል ሊግ የሚጫወት ቡድን የላትም፤ ያላት ማድ ሄንስ ነው፣ የጭቃ ዶሮዎች።

ስሙ የመጣው ከረግረግ ነው። በ1896 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) እሑድ እሑድ ከተማ ውስጥ መጫወት ክልክል ስለነበር ቡድኑ ወጣ ብሎ ቤይ ቪው በሚባል መናፈሻ ይጫወት ነበር። ሜዳው አጠገብ ያለውን ረግረግ የሞሉት፣ የጭቃ ዶሮ የሚባሉት ነጭ ምንቃር ያላቸው ጥቁር የውሃ ወፎች ነበሩ። በቢሾፍቱ ሐይቆች ላይ የሚንሳፈፉት፣ ግንባራቸው ነጭ የሆነው ጥቁር ወፎች የቅርብ ዘመዶቻቸው ናቸው። ነብርና ንስር በሚመረጥበት አገር እንዲህ ያለ ስም ይዞ መቆየት ድፍረት ይጠይቃል።

ከዚያ ቀደም ሲል፣ በ1884፣ ቶሌዶ በላይኛው ሊግ የሚጫወት ሌላ ቡድን ነበራት። ኳስ ተቀባዩ ሞዘስ ፍሊትውድ ዎከር ጥቁር ነበር። በዋዜማው ዓመት የቺካጎው ዝነኛ ተጫዋች ካፕ አንሰን ቡድኑን ይዞ መጥቶ “ይህ ሰው ከተሰለፈ አንጫወትም” አለ። ዎከር እጁ ተጎድቶ በዚያ ቀን ሊያርፍ ታስቦ ነበር፤ የቶሌዶው አሠልጣኝ ግን ይህን ሲሰማ ሆን ብሎ አሰለፈው። አንሰንም ከመግቢያው ገቢ ድርሻው እንዳይቀርበት እያጉረመረመ ተጫወተ። ድሉ ግን አልሰነበተም። ከ1884 በኋላ ጃኪ ሮቢንሰን በ1947 እስኪመጣ ድረስ የላይኛው ሊግ በር ለጥቁሮች ተዘጋ። ዛሬ ከስታዲየሙ ደጃፍ ያለው አደባባይ በዎከር ስም ይጠራል።

ማድ ሄንስን ልዩ የሚያደርገው ሌላው ነገር ባለቤቱ ነው። ከ1955 በኋላ ከተማዋ አሥር ዓመት ያህል ያለ ቡድን ቀርታ ነበር። በ1965 ቶሌዶ የምትገኝበት የሉካስ ካውንቲ (የአካባቢ አስተዳደር) ሹም ኔድ ስኬልደን ተሟግቶ ቤዝቦልን መለሰ። ቡድኑን የሚያስተዳድረው በካውንቲው ሥር ያለ፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው፤ ስለዚህ አንድ ባለሀብት ኪሱ ሲጎድል ሸጦት አይሄድም። ለእኔ ከዋንጫዎቹ ሁሉ ይህ ይበልጣል። እስከ 2001 ድረስ ቤቱ ከከተማ ዳር ያለ የቀድሞ የፈረስ መሮጫ ነበር። በ2002 መሀል ከተማ፣ አሮጌ መጋዘኖች መካከል አዲስ ስታዲየም ተሠራለት።

አሠራሩ የእግር ኳስ ወዳጅን ግራ ያጋባል። በእግር ኳስ ያሸነፈ ክለብ ወደ ላይኛው ሊግ ያድጋል። ማድ ሄንስ ግን ስንት ዋንጫ ቢያነሳ ከትሪፕል ኤ፣ ከዋናው ሊግ አንድ እርከን ዝቅ ካለው ደረጃ፣ አይወጣም። የሚያድገው ተጫዋቹ ነው። ልጆቹን የሚቀጥረውና ደሞዝ የሚከፍለው የዋናው ሊግ ቡድን ዲትሮይት ታይገርስ ነው፤ ቶሌዶ ሜዳውን ታዘጋጃለች፣ ትኬትና ሳንድዊች ትሸጣለች። ዲትሮይት ውስጥ አንድ ሰው ሲጎዳ ስልክ ይደወላል፤ ማታ እዚህ ሲጫወት ያመሸው ልጅ ጓዙን ሸክፎ፣ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላው አውራ ጎዳና ሽቅብ ይነዳል። በተቃራኒው ከጉዳት ያገገመ ኮከብ እግሩን ለማፍታታት ለጥቂት ቀን ወደ ቶሌዶ ይወርዳል፣ ያን ጊዜ ትኬት ፈላጊ ይበዛል። ደጋፊው የሚያጨበጭብለትን ጎበዝ ልጅ በቅርቡ እንደሚያጣው ያውቃል፤ ማልያውንና ወፏን እንጂ ስም መውደድ አያዋጣም።

ለምሳሌ ተጫዋቹ ከርቲስ ግራንደርሰን የ2005ን ወቅት አብዛኛውን ጊዜ ለቶሌዶ ተጫወተ፤ ቡድኑም በዚያ ዓመት የራሱን ሊግ ዋንጫ ወሰደ። በ2006 ግራንደርሰን በዲትሮይት ማልያ እስከ ዋናው ሊግ ፍጻሜ ደረሰና ተሸነፈ። ማድ ሄንስ ያለ እሱ ዋንጫውን ደገመ።