ስለ ወፍጮ ሞተር መቃጠል

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢው ገጠር በኤሌክትሪክ የሚሠራው የእህል ወፍጮ ባብዛኛው የሚዞረው በባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ነው። በመርከብ ላይ ጭነት የሚያነሣውም ሞተር ብዙውን ጊዜ የዚሁ ዓይነት ስለ ሆነ፣ ሕመማቸው አንድ ነው።

ከሦስቱ መስመሮች አንዱ ቢቋረጥ፣ የቆመው ሞተር ያጉረመርማል እንጂ አይነሣም፤ በመዞር ላይ ያለው ግን ሥራውን ሊቀጥል ይችላል። ባለቤቱን የሚያታልለውም ይህ ነው፤ የሦስቱን ሸክም ሁለቱ መስመሮች ስለሚሸከሙት የመዳብ ጥቅሉ ግሎ ይቃጠላል።

ስለዚህ ሞተሩን ለማስጠቅለል ገንዘብ ከማውጣት አስቀድሞ ምክንያቱን መመርመር ይገባል። ባለሙያው ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በዋናው ማብሪያ መግቢያ ላይ መስመሮቹን ሁለት ሁለቱን ይለካ፤ በሦስቱም ልኬት 380 ቮልት ገደማ ሊያገኝ ይገባል። አንዱ ካነሰ ጉድለቱ ከውጭ ነውና ለኤሌክትሪክ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ይመልከት። እኩል ከሆኑ ግን ኃይሉን ቆርጦ ፊውዙን፣ ኮንታክተሩንና የላሉ ብሎኖችን ይመርምር። እነዚህም ደኅና ከሆኑ ችንጋውን አውልቆ ሞተሩን በእጁ ያዙረው፤ ከከበደው ኩሽኔታው ተበላሽቷል።

በፊውዝ ፈንታ ወፍራም ሽቦ ማሰር፣ ወይም ጭነት ሲበዛ ሞተሩን የሚያጠፋውን ኦቨርሎድ ከሥራ ማውጣት፣ ዘበኛን አሰናብቶ መጋዘንን ክፍት እንደ መተው ነው። አስመጪዎችም በሞተሩ ሰሌዳ ላይ ለተጻፈው አምፔር የሚስማማውን ኦቨርሎድ አብረው ቢያቀርቡ፣ ደንበኛቸው በአንድ ሞተር ሁለት ጊዜ አይከስርም።