አሮጌውን የብረት መጋዝ ቀለሙን አይተን አንግዛ

ሰላ የሚለው ቃል ስለትን ያስታውሰናል። ሰላ ድንጋይ ተቀምጠን ስለ መጋዝ ስለት ብንነጋገር እንግዲህ አያስገርምም።

የዛሬው ጽሑፋችን ብረት ስለሚቆርጥ የመጋዝ መኪና ነው። ባንድሶው ይባላል። ምላጩ እንደ ቀበቶ ክብ ሆኖ በሁለት መዘውሮች ላይ ይዞራል። ሰጌቶን በእጃችን ወዲያና ወዲህ እንገፋለን፤ ይኼኛው ግን ሳያቋርጥ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። ዱሮ የምላጩ መጋጠሚያ እየተበጠሰ ያስቸግር ነበር። አን ፖሊን ክሬፔን የምትባል ፈረንሳዊት እ.ኤ.አ. በ1846 መጋጠሚያውን አጥብቆ የመበየድ ዘዴ አስመዘገበች። ሴት ወደ ብረት ሥራ ምን አገባት ለሚል ሰው ይህን እንንገረው።

አሁን ወደ ገበያው እንሂድ። ሦስት ጓደኛሞች በሰላ ድንጋይ በርና መስኮት ሊሠሩ ገንዘብ አዋጡ እንበል። አንዱ በሬውን ሸጧል። አንዷ የዕቁብ ዕጣዋን አምጥታለች። ለአዲስ መኪና ገንዘቡ አይበቃም። ስለዚህ ያገለገለ ፍለጋ አዲስ አበባ ወረዱ። መርካቶ ምናለሽ ተራ በአሮጌ ብረትና ባገለገለ ዕቃ የታወቀ ሰፈር ነው። መሥሪያ ቤቶችም ያረጀ መኪና በጨረታ ይሸጣሉ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ብቻ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያም ወዲያ መንገድ አለ። መኪናው ከባድ ነው። የተበላሸ ገዝቶ በካሚዮን ጭኖ መመለስ ሌላ በሬ ያስሸጣል።

ትናንት የተቀባ መኪና ያብረቀርቃል። ቀለም ግን ብረት አይቆርጥም። «ወንድሜ፣ ሶኬቱን ንቀልና ክዳኑን ክፈትልን» እንበለው። እምቢ ካለ ሌላ ዘንድ እንሂድ።

መጀመሪያ ገላውን እንይ። የድሮ መኪና ገላ ብዙውን ጊዜ ከጊዛ ነው፤ ማለት ቀልጦ በቅርጽ ከተቀዳ ብረት። ጊዛ አይንቀጠቀጥም፤ ከተሰነጠቀ ግን ብየዳው አስቸጋሪ ነው። መዘውሩ በተተከለበት በኩል ስንጥቅ ካየን ዋጋው ምንም ቢረክስ ይቅርብን። ዝገት ለብሶ ከሆነ ግን አያስፈራም፤ ዝገት ይለቃል።

ቀጥሎ የማርሹ ቤት ይከፈት። በብዙዎቹ ውስጥ የነሐስ ማርሽ አለ። ዘይቱን በጣታችን ነክተን ፀሐይ ላይ እንየው። ወርቅ የመሰለ ብናኝ ከበዛበት ማርሹ እየተበላ ነው። ሌላ ማሠራት ይቻላል፤ የማሠሪያውን ዋጋ ሳናውቅ ግን ሒሳብ አንክፈል። ኩሽኔታ፣ ቺንጋና ምላጭ ቢያረጁ ይለወጣሉ።

ሞተሩ ላይ ትንሽ ሰሌዳ አለች። ቀለም ከሸፈናት ይጠረግ። ማንበብ ለሚችል ሰው ይቺ ሰሌዳ ከሻጩ የበለጠ ትናገራለች። የአገራችን የቤት መብራት 220 ቮልት ነው። የሦስት መስመሩ 380 ቮልት ነው። 110 ብቻ የሚል ሞተር 220 ላይ ቢሰካ ይቃጠላል። 380 የሚል ከሆነ ሦስቱ መስመር ሰላ ድንጋይ ወዳለው መሥሪያችን መግባቱን አስቀድመን እንጠይቅ። ሌላም ቁጥር አለ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። 60 ኸርዝ የተጻፈበት ሞተር እኛ ዘንድ ቀስ ይላል፤ በደቂቃ 1800 ጊዜ ይዞር የነበረው ወደ 1500 ይወርዳል።

የእንጨት ባንድሶው አሳይቶ «ምላጩን ብቻ ለውጡ፣ ብረት ይቆርጣል» የሚል ካጋጠመን አንመነው። የእንጨቱ ምላጭ በደቂቃ 1000 ሜትር ያህል ይሮጣል። ለተራ ብረት ከ100 ሜትር በታች መሄድ አለበት። አለዚያ ጥርሱ ግሎ ወዲያው ይደንዛል።

መኪናው ቤት ገባ። የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛም ብረት ሊኖርበት ይችላል። አቧራው በተለይ ለሕፃናት ክፉ ነው። ስለዚህ በደረቁ አንፈግፍገው። ዝገቱን በላምባ አርሰን በሽቦ ብሩሽ እንሽ። አሮጌው ዘይት ይቀዳ፣ ማርሹ ይታጠብ፣ አዲስ ዘይት ይግባ።

ምላጩ ሲገባ የጥርሱ ጫፍ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዙር። በብረቱ ውፍረት ላይ ምንጊዜም ቢያንስ ሦስት ጥርስ ይረፍ። ለስስ ቱቦላሬ እንግዲህ ደቃቅ ጥርስ ያስፈልጋል፤ ትልልቁ ጥርስ ይነቀላል። ቆረጣው ከጠመመ ምላጩን ግራና ቀኝ የሚይዙትን ትንንሽ ኩሽኔታዎች እንይ፤ ወይም ውጥረቱ ላልቶ ይሆናል።

ሲቆርጥ ፍቅፋቂውን እንመልከት። ዱቄት ከሆነ ጫናው አንሷል። ሰማያዊ ሆኖ ካጨሰ ጫናው በዝቷል። እንደ ፀጉር ከተጠቀለለ ደኅና ነው።

ጣት ግን ገበያ ላይ አይገኝም! ብረቱን በሞርሳ እንሰር እንጂ በእጅ አንያዝ። ወደሚዞር ምላጭ ጓንት አድርገን አንጠጋ፤ ጓንቱን ከያዘ እጅንም ይዞ ይገባል። ጋቢና ነጠላም እንደዚሁ። ምላጭ ስንለውጥ ግን ሶኬቱ ተነቅሎ ጓንትና መነጽር ይደረግ። የተጠቀለለ ምላጭ ሲፈታ እንደ እባብ ይወረወራል።

ማታ ሥራ ሲያበቃ ውጥረቱን ላላ እናድርግ። ተወጥሮ የሚያድር ምላጭ ቶሎ ይሰነጠቃል።